ባልዋለችበት የዋለች ላም

ላም የለኝም። ኖራኝም አታውቅም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ ባሕር ማዶ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ውስጥ በእኔ ግቢ የተቆጠረች አንዲት ላም ስላለች ነው። ስታመነዥክ ሁሉ ስለዋታል።

ያለኝ ሦስት የሲሚንቶ ገንዳ ነው። መንከሪያ፣ ማጠቢያ፣ ማለቅለቂያ። አርባ ዓመት የሰው ልብስ ያጠብኩት በነሱ ነው፤ የሆቴል አንሶላ፣ የሐኪም ጋዋን፣ የጋራዥ ቱታ። አንድ ልጄንም ያስተማርኩት በነሱ ነው። ልጄ የውሃ መሐንዲስ ናት። ኮሌጅ ስትገባ «የአጣቢ ልጅ ውሃ ተማረች፤ እናቷ ያላስተማረቻት ምን ቀርቷት ነው?» ብለው የሳቁ ጎረቤቶች ነበሩ። ዛሬ ቧንቧቸው ሲፈነዳ በሯን የሚያንኳኩት እነሱው ናቸው።

ስለ ገንዳዎቼ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ ስለሚያስፈልግ። እኔ ቤት ልብስ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ውሃ ወደ ኋላ። ልብሱ ከመንከሪያው ወደ ማጠቢያው፣ ከማጠቢያው ወደ ማለቅለቂያው ያልፋል። ንጹሕ ውሃ የሚገባው ማለቅለቂያው ውስጥ ብቻ ነው። የተለቀለቀበት ውሃ ለሚቀጥለው ልብስ ማጠቢያ ይሆናል፤ የታጠበበት ደግሞ መንከሪያ። የተነከረበት መጸዳጃ ቤት ይታጠብበታል፣ የግቢው አቧራ ይረጭበታል፤ የተረፈው አሸዋና ከሰል በሞላሁት በርሜል አልፎ ዱባዬ ሥር ይገባል። አንዲት ጠብታ አይደፋም። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ውሃ በጀርባዬ የተሸከምኩባቸው ዓመታት ናቸው ያስተማሩኝ።

ታዲያ ልጄ አንድ ቀን ከምትሠራበት ኮሌጅ መጥታ መተኮሻ ጠረጴዛዬ ላይ ላፕቶፗን ዘረጋችና፣

«እማዬ፣ አዲስ ፕሮግራም እንድመራ ሰጥተውኛል» አለች። «ባሕር ማዶ ያሉ የምህንድስና ተማሪዎች ከቤታቸው ሳይወጡ እኛ አገር መጥተው ይማራሉ።»

«ሳይወጡ እንዴት አድርገው ይመጣሉ?»

«በኢንተርኔት ነዋ። በስክሪን።»

«እሱ መጡ አይባልም፤ ታዩ ነው የሚባለው።»

«እሺ፣ ይታያሉ።»

«ታይተውስ ምን ይማራሉ?»

«ዘላቂነት።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ነገር ሳይባክን፣ ሳያልቅ፣ ለልጅ ልጅ እንዲዘልቅ ማድረግ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ደጄን ይዝለቁ» አልኳት። «ደጅ ያልዘለቀ ሰው ስለ ዘላቂ ነገር ምን ያውቃል?»

ሳቀች። ያኔ ገና ትስቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ አራት ተማሪዎች ለስምንት ሳምንት የእኔን ማጠቢያ ቤት ያጠናሉ። በመጨረሻ የነደፉትን ኮሌጁ ግቢዬ ውስጥ ይሠራዋል። ከተሠራ ፕሮግራሙ ይቀጥላል። ካልተሠራ ይዘጋል፤ ልጄም ወደ ቧንቧ ጥገና ክፍል ትመለሳለች፣ አለቃዋ እሷ ብድግ ባለች ቁጥር ወንበሯ ላይ ጃኬቱን ወደሚሰቅልበት። ለእኔ ገንዳ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። እሺ ያልኩት ከተመረቀች ወዲህ አንድም ነገር ለምናኝ ስለማታውቅ ነው።

ትምህርቱ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ነበር፤ የኛ ጠዋት የእነሱ ማታ ነው። ስክሪኑ ላይ በእንቁላል ትሪ እንደተደረደረ እንቁላል ይደረደራሉ። አንዱ አልጋው ውስጥ ሆኖ ነው የሚማረው። የአንዷ ድመት ፊቷ ላይ ጭራዋን እያወዛወዘች ታልፋለች። ዋናቸው ባለመነጽር ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሳያመሰግን ውሃ አይጠጣም። አንዷ ግን ፊቷን አሳይታ አታውቅም። በሷ ቦታ ጥቁር ሳጥን ብቻ ነው ያለው። እኔም «ሳጥኗ» አልኳት።

ከሁለት ሰዓቱ ትምህርት አንዱ ሰዓት የሚያልቀው «ይሰማል?» በመባባል ነው።

«ይሰማል?» ትላለች ልጄ።

ባለመነጽሩ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ድምፅ የለም።

«ማይክህ ዝግ ነው።»

ይከፍተዋል። ያን ጊዜ መብራት ይሄዳል። ልጄ ስልኳን ይዛ ወንበር ላይ ትወጣለች፣ እጇን በመስኮት አውጥታ ኔትዎርክ ታጠምዳለች። እኔ ታች ሆኜ ወንበሩን እይዛለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማርኳት ለዚህ ነው? ውሃ ወቀጣ።

ሲሰማም አይሻልም። እኔ አንድ ክንድ የሚሆን ተናግሬ እሷ በአንድ ጣት ትተረጉመዋለች።

«አልጋህ ውስጥ ሆነህ ስለ ሰው ድካም አትጠይቀኝ በይው ያንን።»

ሁለት ቃል ትናገራለች። ልጁ ፈገግ ብሎ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል።

«ምን አልሽው?»

«እንኳን ደህና መጣህ ብላለች አልኩት።»

«አንቺ ልጅ፣ ምላሴን የት ጣልሽው?»

«እማዬ፣ በፈጠረሽ። እንግዶች ናቸው።»

በሁለተኛው ሳምንት የጥያቄ ቅጽ መጣ። ስልሳ ሁለት ጥያቄ። ስንት ሰዓት እንደምቆም፣ ሳሙናው ምን እንደሆነ፣ በቤቱ ስንት ሰው እንዳለ። ከዚያ ልጄ አነበበች፦

«በቀን ስንት ሊትር ቆሻሻ ውሃ ይደፋሉ?»

«ምንም።»

«ገምቺ እንጂ።»

«ምንም ማለት ግምት ነው እንዴ? እኔ ውሃ አልደፋም። አንቺ እዚህ ቤት አላደግሽም? አንዴ የእግርሽን መታጠቢያ ደጅ ብትደፊ ምን እንዳደረግኩሽ ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም» አለች፤ ጆሮዋን በጣቷ ነካ አድርጋ። ከዚያ ላፕቶፗ ላይ አንድ ነገር ነካካች። እኔ «ምንም» ብላ የጻፈች መስሎኝ ወደ ሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ።

በሦስተኛው ሳምንት የኮሌጁ ኃላፊ ደወለና ልጄ ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። እኔ ከአሥራ አራቱ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ባለመነጽሩ ወረቀት ወደ ካሜራው አስጠጋ። የግቢዬ ሥዕል ነው። ከገንዳዎቹ ጀርባ፣ ዱባው ባለበት፣ ትልቅ የቆሻሻ ውሃ ኩሬ ሥሏል። በጣቴ አሳየሁት። ኩሬ የለም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። እሱም በደስታ ነቀነቀ። እንደገና አሳየሁት፤ እንደገና ነቀነቀ።

«እናንተ ልጆች» አልኩ ጮክ ብዬ፣ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ምን ይሉታል?»

ለካ ከስክሪኑ ግርጌ እኛ የምንናገረውን እየሰማ በነሱ ቋንቋ የሚጽፍ ነገር አለ። አሥራ አራቱም ባንድ ጊዜ ዓይናቸውን ወደ ታች አወረዱ። ከዚያ ማስታወሻ መያዝ ጀመሩ። ገባቸው ብዬ ደስ አለኝ። ልጄ ስትመለስ «ምን አወራችሁ?» ብትለኝ፣ «አስተማርኳቸው» አልኳት።

እንዲህ እንዲህ እያልን ስምንተኛው ሳምንት ደረሰ። በመጨረሻው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ኃላፊው ራሱ መጣ፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ገንዳው አጠገብ ሲያልፍ ሱሪውን በሁለት ጣት ከፍ የሚያደርግ ሰው። መተኮሻ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ። የባሕር ማዶው መምህር ስክሪኑ ላይ ነው፤ ጢሙ ብቻ ይታያል። ልጄ ከአንድ ቀን በፊት የተኮስኩላትን ሸሚዝ ለብሳ እጇን ታፍተለትላለች። ልጅ ሆና ፈተና ስትወስድም እንዲሁ ነበረች።

«ሰኞ ቁፋሮ እንጀምራለን» አለኝ ኃላፊው። «እማማ፣ ታድለዋል።»

ባለመነጽሩ አመሰገነ። ኃላፊውን፣ መምህሩን፣ ልጄን፣ እኔን፣ ኢንተርኔቱን ጭምር። ከዚያ ሥዕሉ ወጣ። ደግሞ ሲያምር! ቀለም ያለው፣ የሚሽከረከር። መሬት ውስጥ የተቀበረ ታንከር፣ ከላዩ ማጣሪያ፣ ከጎኑ ፓምፕ። ግቢዬን ፈልጌ ፈልጌ በበሩ ለየሁት።

«ገንዳዎቼስ?» አልኩ።

ልጄ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

«ተርጉሚ። ገንዳዎቼ የት ሄዱ?»

ባለመነጽሩ ታንከሩን አሳየ። ገንዳዎቹ በነበሩበት ነው የሚቀበረው። ሌላ ቦታ አይበቃም፤ ምክንያቱም፣ አለ፣ እነሆ በዚህ ጥግ ደግሞ... ጣቱን ዱባዬ ላይ አደረገ።

ላም ናት። ቡራቡሬ ላም። ታመነዥካለች። ከኋላዋ የኩበት ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ ወደ ቤቴ የሚሄድ የጋዝ ቧንቧ።

«ይቺ ላም የማን ናት?» አልኩ።

ልጄ ጠየቀችው። ልጁ ወረቀቱን አገላበጠና መለሰ። ልጄ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ያንቺ ናት ይላል፤ እማዬ። በሦስተኛው ሳምንት ላሟ እንደማትውልና ኩበቷን ለቀማ እንዳለብሽ ነግረሽናል ይላል። የመልቀሙን ድካም ሊያቀሉልሽ ነው።»

ኃላፊው ሳቁን በመሐረብ ያዘ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ከአፌ የወጣች ምሳሌ አራት እግር አውጥታ ዱባዬን ስትበላ ዓይኔ እያየ ምን ያስቀኛል?

«በያቸው» አልኩ። «ላሟ ተረት ናት። የሌለ ነገር መሰብሰብ ማለት ነው። እናንተን ነው ያልኩት።»

በዚህ ጊዜ በአንድ ጣት አልተረጎመችም። ሙሉውን ነገረቻቸው። ባለመነጽሩ እንደ በርበሬ ቀላ። አልጋ ውስጥ ያለው ልጅ ተነሥቶ ተቀመጠ። ጢማሙ መምህር ጉሮሮውን ጠረገና «ላሟ ትውጣ። ታንከሩ ግን በቁጥር ላይ የቆመ ነው» አለ። «በቀን አራት መቶ ሊትር ቆሻሻ ውሃ ይደፋል።»

«ማን ነው የሚደፋው?»

«እርስዎ።»

«እኔ?» ተነሣሁ። «እኔ ምንም ነው ያልኩት! ማን ነው አራት መቶ ያለው?»

ልጄ አልተረጎመችም። መተርጎምም አላስፈለገም፤ ያ የግርጌው ጸሐፊ ጻፈላቸው። ባለመነጽሩ ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ ልጄን አየ። አፉን ሊከፍት ሲል ልጄ አንገቷን ደፋች። እጇ ሸሚዟን ይዟል። የተኮስኩትን ሸሚዝ አጨማደደችው።

ያን ጊዜ ገባኝ። ጽፋ የነበረው «ምንም» አይደለም።

ኃላፊው በርጩማው ላይ ወደ ፊት ጠጋ አለ። «ቁጥሩን ያስገባው ማን ነው?» አለ። ድምፁ ቀጥኗል። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ አንሶላ ሲጠፋ የሆቴል ኃላፊዎች የሚያወጡት ድምፅ ነው።

እኔ ኩራተኛ ሴት ነኝ። ሰፈሩ ያውቃል። አርባ ዓመት አንዲት ጣሳ አልደፋሁም። ደፋሽ ብትሉኝ ሰደብሽን አትበሉኝ። ግን ልጄን አየኋት፤ ቧንቧ ጥገናውን፣ የወንበሩን ጃኬት አሰብኩ፤ ገንዳዎቼን በመስኮት አየሁ።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አልኩ። «አራት መቶ። እርጅና ነው፣ ረስቼው ነው። እደፋለሁ። ደጅ ላይ ነው የምደፋው።»

ዱባዬ ሳይቀር የሰማኝ መሰለኝ።

ልጄ ቀና አለች። እንዲያ ስታየኝ አይቻት አላውቅም፤ በጥፊ የመታኋት ይመስል ነበር።

«ውሸቷን ነው» አለች። መጀመሪያ በኛ ቋንቋ፣ ከዚያ በእነሱ። «እናቴ ምንም ነው ያለችው። ቅጹ ዜሮ አይቀበልም፤ ዜሮ ሲገባ ቀይ ይሆናል። ችግር የሌለበት ቤት ለፕሮጀክት አይመረጥም። አራት መቶውን ከመጽሐፍ አውጥቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ተነሣ። ፕሮግራሙ ለጊዜው እንደሚቆም፣ ቁፋሮውም እንደቀረ፣ የቀረውን በደብዳቤ እንደሚያሳውቅ ተናገረና ሱሪውን በሁለት ጣት ይዞ ወጣ። ስክሪኑ ላይ እንቁላሎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ባለመነጽሩ ሳያመሰግን ጠፋ። በመጨረሻ ሳጥኗ ብቻ ቀረች። ትንሽ ቆይታ እሷም የውሃ ሽታ ሆነች።

«ውሸት ማን ጠየቀሽ?» አለችኝ ልጄ።

«አንቺ ስትዋሺ ምህንድስና፣ እኔ ስዋሽ ኃጢአት ነው?»

«አንቺ እኮ አትደፊም! በሰው ፊት እደፋለሁ አልሽ! እኔ ለማን ብዬ ነው ውሃ የተማርኩት?»

ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። እሷ ደብዳቤዋን ትጠብቃለች፤ እኔ አጥባለሁ። ውሃውን በጣሳ ከማለቅለቂያው ወደ ማጠቢያው፣ ከማጠቢያው ወደ መንከሪያው እገለብጣለሁ። ገንዳዎቼ ተረፉ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ጣሳው ከበደኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑ ጮኸ። ልጄ ልትዘጋው እጇን ስትዘረጋ ሳጥኑን አየሁት።

«ተዪው። ሳጥኗ ናት።»

ከፈተችው። ጥቁሩ ነገር ሄደና አንዲት ልጅ ወጣች። ፊቷ በጠቃጠቆ የተሞላ፣ ፀጉሯ ያልተበጠረ፤ ከኋላዋ አልጋ ላይ ጣሪያ ሊደርስ ትንሽ የቀረው ያልታጠበ ልብስ ተከምሯል። ካሜራዋን ለምን እንደማትከፍት ያን ጊዜ ገባኝ።

«ይሄ ልብስ ስንት ወሩ ነው በያት።»

የልጄ ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር፦ «እማዬ!» ግን ተረጎመችው። ሙሉውን። ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች፤ ሳቀች። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ምን አለች?»

«ትምህርቱ መቆሙን ታውቃለች። ለትምህርት ውጤት ብላ አይደለም የደወለችው። የሚቸግርሽ ምንድን ነው ብላለች።»

ስምንት ሳምንት። ስልሳ ሁለት ጥያቄ። ይቺን አንድ ጥያቄ ማንም አልጠየቀኝም፤ ከሆዴ የወጣችው ልጄም ጭምር።

«ወገቤን» አልኩ።

የውሃውን አሄድ ነገርኳት፤ ልብሱ ወደ ፊት፣ ውሃው ወደ ኋላ። ውሃውን ደግሞ በጣሳ የምገለብጠው እኔ ነኝ፤ ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና። ልጅቷ አንድ መጽሐፍ ገልጣ ለልጄ አሳየቻት። ይሄ አሠራር መጽሐፍ ላይ አለ፣ ስምም አለው አሉኝ፤ ሁለቱም ተደነቁ። እኔን ምን ይደንቀኛል? መጽሐፉ ይደነቅ።

ከዚያ ልጅቷ ወረቀት ላይ ደረጃ ሣለች። ማለቅለቂያው ከላይ፣ ማጠቢያው መሐል፣ መንከሪያው ታች። ውሃው በራሱ ይወርዳል። ጣሳ የለም። ልጄ «እኔ ይሄን እንዴት አላየሁትም?» ብላ ግንባሯን መታች።

«ሁለታችሁም አላያችሁም» አልኩ። «ውሃው ይወርዳል፤ ልብሱስ? የሆቴል ብርድ ልብስ ነክራችሁ ሽቅብ ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ? ጣሳውን ጥላችሁ ብርድ ልብስ ጫናችሁኝ እኮ!»

ሁለት መሐንዲስ በስክሪን ተያየ። ከዚያ ጠቃጠቋሟ ቀስ ብላ ጠየቀች፦ እርጥብ ብርድ ልብስ ስንት ኪሎ ነው? ከባድ ከሆነ ደረጃው ዝቅ ይላል፤ ልኩን የሚወስነው እሱ ነው።

አርባ ዓመት ተሸክሜዋለሁ፤ መዝኜው አላውቅም።

«ደህና ነገር ጠየቀች» አልኩ ለልጄ። «ምን ተጎልተሻል? ከጎረቤት ሱቅ ሚዛን አምጪ።»

ሚዛኑን ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ አሁንም እንደተኳረፍን ትዝ ሳይላት አልቀረም።

«ዝለቂ» አልኳት።

ሚዛኑን ከበሩ ጉበን ላይ ሰቀልነው። ብርድ ልብሱን ከገንዳው አውጥተን ለሁለት ተሸክመን አንጠለጠልነው። ልጅቷ እንድታይ ላፕቶፑን አዞርንላት። አሥራ አራት ኪሎ ተኩል። ልጄ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች፤ ማዶ ያለችው ጻፈች። ብርድ ልብሱ ባጸዳሁት ወለል ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሥሩ ዕቃ ማስቀመጥ ሦስታችንም ረስተናል። ውሃው ደፉን አልፎ ደጅ ወረደ፤ አቧራው ዋጠው።

ልጄ አየችው። ጆሮዋን በጣቷ ነካች።

«በይ ጻፊ» አልኳት። «ዛሬ ደፋሁ። አንድ ጣሳ ነው። ከዚያ በላይ እንዳትጨምሪ።»